ጨዋታውና ቤተ ሙከራው፦ የኮምፒውተር ጌም ትምህርት ከየት መጣ?

አንድ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የኮምፒውተር ጨዋታ መሥራት ልማር ነው ሲል፣ ብዙ ወላጆች፣ አንዳንድ መምህራንም ጭምር፣ ነገሩን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። በብዙዎች ግምት ኮምፒውተር ሳይንስ ከሒሳብና ከምህንድስና የተወለደ የከበደ ዕውቀት ነው፤ ጌም ግን ገበያ ያመጣው፣ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪ ለመሳብ ሲሉ ዘግይተው ያስገቡት ነገር ነው። ታሪኩ የሚያሳየው ከዚህ የተለየ ነው። የኮምፒውተር ጨዋታ የተወለደው በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲሆን፣ ያኔ ኮምፒውተር ሳይንስ በአሜሪካ የራሱ የትምህርት ክፍል እንኳ አልነበረውም። ወደ ገበያ የወጣው በ1970ዎቹ ነው፤ በዲግሪ ትምህርትነት ወደ ዩኒቨርሲቲ የተመለሰው ደግሞ በ1990ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዚህ ቅደም ተከተል ጥቅም ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ አይደለም። የጌም ሥራ ትምህርት እንዴት መሰጠት አለበት ለሚለው የዛሬ ጥያቄም መልስ ይሰጣል፦ ከኮምፒውተር ሳይንስ ተነጥሎ ሲሰጥ ትምህርቱ ይደክማል፤ በኮምፒውተር ሳይንስ ላይ ሲቆም ግን ሁለቱም ይጠነክራሉ።

ታሪኩን ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ መጀመር ይቻላል። በሞሪስ ዊልክስ መሪነት የተሠራው ኤድሳክ የተባለው ኮምፒውተር የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ያስኬደው በግንቦት 1949 ነበር። በ1952 አሌክሳንደር ዳግላስ የተባለ የዶክትሬት ተማሪ በዚሁ ማሽን ላይ ሰው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚጋጠምበትን የኤክስና ኦ ጨዋታ ጻፈ። ተጫዋቹ ቦታውን የሚመርጠው እንደ ስልክ ቁጥር በመደወያ እያዞረ ሲሆን፣ ማሽኑ መልሱን የሚያሳየው አግድም 35፣ ቁልቁል 16 ነጥብ ብቻ ባለው ስክሪን ላይ ነበር። ዳግላስ የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በሰውና በኮምፒውተር ግንኙነት ላይ ነውና፣ ጨዋታው የምርምሩ ማሳያ እንጂ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ አልነበረም። በዚያው ዘመን ክሪስቶፈር ስትሬቺ፣ ሃሮው በተባለው ትምህርት ቤት መምህር ሳለ፣ የዳማ ፕሮግራም ጽፎ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላይ አስኬደ። ይኸው ሰው በኋላ የኦክስፎርድን የፕሮግራሚንግ ምርምር ቡድን መራ፤ ከዴና ስኮት ጋርም የፕሮግራም ቋንቋዎች ትርጉም በሒሳብ የሚገለጽበትን ንድፈ ሐሳብ አቆመ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የኮምፒውተር ሳይንስ የትምህርት ክፍል በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1962 ነው። ጨዋታው ክፍሉን በአሥር ዓመት ቀደመው ማለት ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። ጨዋታ ሕጉ የታወቀ፣ ውጤቱ በግልጽ የሚለይ፣ የማሽኑን ውሳኔ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብሎ ማንም ሊፈርድበት የሚችል ጉዳይ ነው። ማሽን ምን ያህል ማሰብ ይችላል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አልነበረም።

ጉዳዩ ጎልቶ የታየው ግን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኤምአይቲ በሚባለው፣ ነበር። በ1961 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ኩባንያ ፒዲፒ-1 የተሰኘውን ኮምፒውተር ለተቋሙ በስጦታ ሰጠ። የማሽኑ ዋጋ 120,000 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ሚሞሪው ባለ 18 ቢት 4,096 ቃላት ብቻ ይይዝ ነበር፤ ዛሬ በስልክ ከሚነሳ አንድ ፎቶ በመቶዎች እጥፍ ያነሰ። ስቲቭ ራስል፣ ማርቲን ግሬትዝና ዌይን ዊታነን በዚህ ማሽን ምን እናሳይበት ብለው መከሩ። ግሬትዝ በኋላ እንደተረከው፣ ጥሩ ማሳያ ፕሮግራም ሦስት ነገር ማሟላት አለበት ብለው ተስማሙ፦ የማሽኑን አቅም እስከ መጨረሻው መፈተን፣ በተካሄደ ቁጥር አዲስ ነገር ማሳየት፣ ተመልካቹን ዳር ከማቆም ይልቅ በደስታ ማሳተፍ። ከዚህ ውይይት በ1962 መጀመሪያ ስፔስዋር የተባለው፣ ሁለት የጠፈር መርከቦች በአንድ ኮከብ ዙሪያ የሚዋጉበት ጨዋታ ተወለደ። ፒተር ሳምሰን የእውነተኛውን ሰማይ የከዋክብት ካርታ በፕሮግራም ጽፎ ከበስተጀርባው አስገባ። ዳን ኤድዋርድስ የኮከቡን የስበት ኃይል ጨመረበት፤ ይሁንና ስበቱን በየቅጽበቱ ማስላት ከማሽኑ ፍጥነት በላይ ሆነ። ስለዚህ ኤድዋርድስ የመርከቦቹን ቅርጽ የሚስለውን ክፍል እንደገና ጻፈው፦ ፕሮግራሙ ሥራውን ሲጀምር ቅርጹን ራሱ ወደ ማሽን ኮድ ይለውጠዋል፤ በዚህ የተረፈው ጊዜ ለስበቱ ስሌት ዋለ። አለን ኮቶክና ሮበርት ሳንደርስ ደግሞ በእጅ የሚያዙ መቆጣጠሪያዎችን ሠሩ። በእነዚህ ወራት የተሠራው ሥራ ዛሬ በኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ውስጥ በየምዕራፉ ተከፋፍሎ የሚሰጥ ነው፤ የተፈጥሮ ሕግን በቅጽበት ማስመሰል፣ ኮድን ማፋጠን፣ ፕሮግራም የሚጽፍ ፕሮግራም፣ ለሰው እጅ የሚመች መሣሪያ። ኩባንያውም ስፔስዋርን አዲስ ማሽን በትክክል መሥራቱን ለመፈተሽ ይጠቀምበት ጀመር፤ ከእሱ ይበልጥ መላውን ማሽን የሚያሠራ ፕሮግራም በቀላሉ አይገኝም ነበርና።

ቀጣዩ ትልቅ ምዕራፍ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ተጻፈ። ዴቪድ ኢቫንስ በ1965 ኮምፒውተር ሳይንስን ሊያደራጅ ወደዚያ ሲሄድ፣ ብዙ ነገር በትንሹ ከመሞከር አንድ ነገር በጥልቀት መያዝን መረጠ፤ የተመረጠውም ግራፊክስ ነበር። በ1968 አይቫን ሳዘርላንድ ተቀላቀለው። ጥያቄያቸው ቀላል ይመስላል፦ በቁጥር ብቻ የሚታወቅን አንድ አካል በስክሪን ላይ ዓይን እንዲያምነው አድርጎ እንዴት መሳል ይቻላል? መልሱ ቁራጭ በቁራጭ ከዶክትሬት ጽሑፎች መጣ። በ1971 አንሪ ጉሮ በጠፍጣፋ ገጾች የተገጣጠመ አካል ለስላሳ መስሎ እንዲታይ ብርሃኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ የማስላት ዘዴ አቀረበ። በ1973 ቡይ ቱዎንግ ፎንግ የሚያብረቀርቅ ነገር ነጸብራቅ እንዴት እንደሚሰላ አሳየ። በ1974 ኤድ ካትመል ከፊት ያለው ነገር ከኋላ ያለውን እንዲሸፍን በእያንዳንዱ የስክሪን ነጥብ ላይ ርቀትን መመዝገብን፣ ሥዕልንም በአካሉ ገጽ ላይ መለጠፍን ጻፈ። በዚያው ዓመት ዶክትሬቱን ያገኘው ጂም ክላርክ በኋላ ሲሊከን ግራፊክስ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ፤ በ1996 የወጣው ኒንቴንዶ 64 የተባለው የጨዋታ መሣሪያ ግራፊክሱን የሚያሠራው ቺፕ የተነደፈውም በዚህ ኩባንያ ነው። ከዚያ ወዲህ በሦስት አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ ዓለም ያለው ጨዋታ የሠራ ሁሉ፣ ስማቸውን ቢያውቅም ባያውቅም፣ በእነዚህ ተማሪዎች ሥራ ላይ ቆሟል።

ከግራፊክስ ሌላ ጌም ከዩኒቨርሲቲ ያገኘው ትልቅ ነገር ብዙ ሰው በአንድ ዓለም አብሮ የሚጫወትበት መንገድ ነው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር በ1960 የጀመረው ፕላቶ የተባለው ሥርዓት ዓላማው ትምህርትን በኮምፒውተር መስጠት ነበር፤ ለዚሁም ሲባል በ1964 ቢትዘር፣ ጂን ስሎቶውና ተማሪያቸው ሮበርት ዊልሰን የፕላዝማ ስክሪንን ፈጠሩ። በ1970ዎቹ የሥርዓቱ ተጠቃሚዎች ሲበዙ፣ በተለያየ ቦታ የተቀመጡ ሰዎች እርስ በርስ የሚገጥሙባቸው እንደ ኢምፓየርና ስፓሲም ያሉ ጨዋታዎች ተጻፉበት። በእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ በ1978 ሮይ ትራብሾው መድ የተባለውን፣ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ የጋራ ዓለም ጀመረ፤ ሪቻርድ ባርትል ተረክቦ አስፋፋው። ማሽኑ ከሥራ በሚያርፍበት በሌሊት ሰዓት ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ያሉ ሰዎችም በኔትወርክ እየገቡ ይጫወቱት ነበር። ሁለት ሰዎች አንዱን ዕቃ በአንድ ቅጽበት ቢያነሱ ለማን ይሰጥ? መስመሩ ቢቋረጥ የተጫዋቹ ነገር ምን ይሁን? እነዚህ ለመድ ጸሐፊዎች የዕለት ጥያቄዎች ነበሩ፤ በኦፐሬቲንግ ሲስተምና በዳታቤዝ ኮርስ ላይ የሚነሱትም እነዚሁ ናቸው።

ታዲያ ጨዋታውና ትምህርቱ እንዴት ተለያዩ? ምክንያቱ ዋጋ ነበር። በመስከረም 1971 ቢል ፒትስና ሂዩ ተክ ስፔስዋርን በፒዲፒ-11 ኮምፒውተር ላይ አስተካክለው በስታንፎርድ የተማሪዎች ማኅበር ሕንፃ ውስጥ በአንድ ጨዋታ 10 ሳንቲም አቀረቡት። ሥራው የተዋጣ ቢሆንም፣ 20,000 ዶላር ገደማ የወጣበት ማሽን በአሥር አሥር ሳንቲም ወጪውን መመለስ አልቻለም። በዚያው ዓመት የዩታ ምሩቁ ኖላን ቡሽኔልና ባልደረባው ቴድ ዳብኒ ሌላ መንገድ መረጡ፦ ኮምፒውተሩን ከናካቴው ትተው፣ ያንኑ ሐሳብ ለአንድ ጨዋታ ብቻ በተሠራ የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት አስኬዱት። በ1972 አታሪ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ፤ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ምሩቁ አለን አልኮርን የሠራው ፖንግ የተባለ ጨዋታም ገበያውን ከፈተ። ጌም ለሕዝብ የደረሰው እንግዲህ ፕሮግራም የሚጻፍበትን ኮምፒውተር በመተው ነው። ዕውቀቱ ወደ ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች፣ ርካሽ የቤት ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ በየቤታቸው ራሳቸውን ወደሚያስተምሩ ወጣቶች ተሻገረ። በዚያው ዘመን ኮምፒውተር ሳይንስ ራሱን እንደ ሙሉ ሳይንስ ለማስከበር ይታገል ስለነበር፣ ወደ መዝናኛ ንግድ የሄደውን ልጁን መልሶ ለመጥራት አልቸኮለም።

መልሶ የመጥራቱ ታሪክ በሁለት ቦታዎች በግልጽ ይታያል። አንደኛው የስኮትላንዷ ደንዲ ከተማ ናት። በዚያ የነበረው የታይሜክስ ፋብሪካ ከ1982 ጀምሮ የሲንክሌር ኩባንያን ዜድኤክስ ስፔክትረም ኮምፒውተር ይገጣጥም ነበር፤ የዚህ ርካሽ ኮምፒውተር ሽያጭ ከ5 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። የቀድሞው የፋብሪካው ሠራተኛ ዴቪድ ጆንስ በደንዲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እየተማረ በ1980ዎቹ መጨረሻ ዲኤምኤ ዲዛይንን አቋቋመ፤ ድርጅቱ በ1991 ሌሚንግስ፣ በ1997 ግራንድ ቴፍት ኦቶ የተባሉትን ጨዋታዎች አወጣ። ፋብሪካው ግን ከከረረ የሥራ ክርክር በኋላ በ1993 ተዘጋ። ኢንስቲትዩቱ በ1994 አበርቴ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፣ በ1997 በዓለም የመጀመሪያው እንደሆነ የሚነገርለትን የኮምፒውተር ጌም ቴክኖሎጂ ዲግሪ ከፈተ። ፋብሪካዋን ያጣች ከተማ የቀራትን ችሎታ በትምህርት አጸናችው። ሁለተኛው ዲጂፔን ነው። ክሎድ ኮሜር በካናዳዋ ቫንኩቨር የመሠረተው ይህ ትምህርት ቤት በኒንቴንዶ ትብብር የጌም ፕሮግራሚንግ ማስተማር የጀመረው በ1994 ሲሆን፣ በ1998 በአሜሪካ ሬድመንድ ከተማ ወደ አራት ዓመት ዲግሪ አሳደገው። የትምህርቱ አጥንት ሒሳብ፣ ፊዚክስና ፕሮግራሚንግ ነበር፤ ተማሪው የጨዋታውን ሞተር፣ ማለትም ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሰውን መሠረታዊ ፕሮግራም፣ ራሱ ይጽፋል። በ2005 የዚህ ተቋም ተማሪዎች ናርባኩላር ድሮፕ የተባለ ጨዋታ ለመመረቂያ ሲያቀርቡ፣ ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ቡድኑን ቀጠረው፤ በ2007 የወጣው ፖርታል የተሠራው በዚያ ሐሳብ ላይ ነው።

ጌም በኮምፒውተር ሳይንስ ላይ ቆሞ መሰጠት አለበት በሚለው ክርክር ላይ ብርቱ ተቃውሞዎች ይነሳሉ። የመጀመሪያው የጌም ታላላቅ ሰዎች ዩኒቨርሲቲ አላስፈለጋቸውም የሚል ነው። ለዚህ ሁሌ የሚጠቀሰው የጌም ፕሮግራመሩ ጆን ካርማክ ነው፤ በሚዙሪ-ካንሳስ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሴሚስተር ብቻ ተምሮ ወጣ፤ በ1993 የወጣውን ዱም የተባለ ጨዋታ ግን እሱ ባይኖር ማሰብ አይቻልም። እውነት ነው፤ ይሁንና ዱም ለምን እንደፈጠነ እንመልከት። በዘመኑ ደካማ ኮምፒውተሮች ላይ ጨዋታው ያለ ችግር የሚሮጠው፣ ካርማክ የቦታውን ካርታ አስቀድሞ በዛፍ መልክ እየከፋፈለ የትኛው ግድግዳ ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደሚሳል የሚወስን ዘዴ ስለተጠቀመ ነው። ይህን ዘዴ በ1980 በምርምር ጽሑፍ ያቀረቡት ሄንሪ ፉክስ፣ ዝቪ ኬደምና ብሩስ ኔይለር ናቸው፤ ፉክስ ዶክትሬቱን በ1975 ያገኘው ከዩታ ነው። ካርማክ ክፍሉን ለቀቀ እንጂ ዕውቀቱን አልለቀቀም፤ የምርምር ጽሑፍ ፈልጎ የሚያነብ ሰው ነበር። ብቻውን አንብቦ እዚያ የሚደርስ ሰው ጥቂት ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስፈልገው ያንን መንገድ ለብዙሃኑ ለመክፈት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስን ያሳደገው የጦር ገንዘብ እንጂ ጨዋታ አይደለም፤ የዩታን ምርምር የደገፈው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ኤጀንሲ ነው፤ ጨዋታ በሌላው ሠረገላ ላይ የተሳፈረ መንገደኛ ነው ይላል። የገንዘቡ ምንጭ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን አንድን ዕውቀት የሚቀርጸው ከፋዩ ብቻ አይደለም፤ የሚጠየቀው ጥያቄም ይቀርጸዋል። የጦር ሠራዊት የአብራሪ ማሠልጠኛ በሚሊዮን ዶላር ሊገዛ ይችላል፤ ያንኑ ምስል በተራ ቤተሰብ አቅም፣ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ይሳልልኝ ያለው ግን ተጫዋቹ ነው። ከዚህ ፍላጎት ለተጫዋቾች የሚሸጠው የግራፊክስ ካርድ ተወለደ። በ2012 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አሌክስ ክሪዤቭስኪ፣ ኢልያ ሱትስኬቨርና ጄፍሪ ሂንተን ሥዕል የሚለየውን ዝነኛ ሰው ሠራሽ የነርቭ መረባቸውን ያሠለጠኑት ለተጫዋቾች በሚሸጡ ሁለት ጂቲኤክስ 580 ካርዶች ሲሆን፣ የፈጀባቸውም አምስት ስድስት ቀን ነው። የዛሬው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕበል የተነሳው ከዚያ ነው። ዴሚስ ሃሳቢስም በወጣትነቱ ቲም ፓርክ የተባለውን ጨዋታ በመሥራት ተሳትፎ፣ በካምብሪጅ ኮምፒውተር ሳይንስ አጥንቶ፣ የጌም ድርጅት መርቶ፣ ቆይቶ ዲፕማይንድ የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት ከባልደረቦቹ ጋር መሠረተ፤ በ2024 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ። የሰሌዳ ጨዋታዎችም ከምርምሩ አልተለዩም። ከእኛ ገበጣ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነውን አዋሪን በ2002 በአምስተርዳም ፍሬ ዩኒቨርሲቲ ጆን ሮማይንና ሄንሪ ባል ከ889 ቢሊዮን በላይ የሰሌዳ አቀማመጦችን በተያያዙ ኮምፒውተሮች አስልተው ፈቱት፤ ሁለቱም ወገን ሳይሳሳት ቢጫወት ውጤቱ እኩል እንደሆነም አረጋገጡ። ብድሩ ከነወለዱ ወደ ቤተ ሙከራው ተመልሷል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከራሱ ከጌም ሥራ ዓለም ነው፦ የጌም ዲግሪዎች ተበራከቱ፣ ተመራቂዎቻቸው ግን ሥራውን አይችሉትም ይላል። ይህ መሠረት ያለው ቅሬታ ነው። በ2011 ኢያን ሊቪንግስተንና አሌክስ ሆፕ በብሪታንያ ያቀረቡት ጥናት ጌም የሚል ስም የያዙ ብዙ ኮርሶች ኢንዱስትሪው የሚፈልገውን እንደማያስተምሩ አሳየ። ጥናቱ የጠየቀው ግን ዲግሪዎቹ እንዲዘጉ አይደለም። የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የሥዕልና የኮምፒውተር ሳይንስ መሠረት እንዲጠናከር፣ ኮምፒውተር ሳይንስም በመደበኛው ትምህርት ቤት እንዲሰጥ ነው። ከመስከረም 2014 ጀምሮ በእንግሊዝ የኮምፒውቲንግ ትምህርት በብሔራዊው ሥርዓተ ትምህርት ገባ። የደከሙት ኮርሶች የአንድ ዘመን ሶፍትዌር አጠቃቀምን ብቻ የሚያሳዩ ናቸው፤ ሶፍትዌሩ ሲለወጥ ተመራቂው ባዶ እጁን ይቀራል። የጸኑት ሶፍትዌሩ ከሥር እንዴት እንደሚሠራ ያስተማሩት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች በካምብሪጅና በኤምአይቲ የተወለዱት ሰሪዎቻቸው ማሽኑን እስከ ሥሩ ያውቁት ስለነበር ነው፤ ከስልሳ ዓመት በኋላም ደንቡ አልተለወጠም።

ይህ ለእኛ ተማሪዎችም ቀጥተኛ ትርጉም አለው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር፣ ጌም ለመሥራት የሚመኝ ወጣት የጌም ትምህርት ክፍል እስኪከፈት መጠበቅ የለበትም። ሊኒየር አልጀብራ የተባለው ኮርስ ካሜራንና እንቅስቃሴን የሚገዛው ነው፤ ዳታ ስትራክቸር የዱምን ግድግዳ የሚደረድረው ነው፤ ኔትወርክና ኦፐሬቲንግ ሲስተም መድን ያቆሙት ናቸው። መምህራንም በበኩላቸው ጌም ለመመረቂያ ፕሮጀክት ሲቀርብላቸው በክብር ሊቀበሉት፣ በዚያውም መጠን በጥብቅ ሊመዝኑት ይገባል። ሰውን የሚገጥም የገበጣ ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ የአማራጮችን ዛፍ መፈተሽ፣ የአቀማመጥን ዋጋ መገመት፣ ሚሞሪ መቆጠብ ግድ ይለዋል፤ ይህ ዳግላስና ስትሬቺ የጀመሩት ያው ሥራ ነው። ጨዋታን ከቁም ነገር የማይቆጥር ዩኒቨርሲቲ የራሱን የዕውቀት ዘርፍ ታሪክ ዘንግቷል፤ ሳይንሱን ዘሎ ጨዋታውን ብቻ የሚሻ ተማሪም ጨዋታውን ያስገኘውን ነገር ትቷል። ሁለቱ አብረው ተወልደዋልና፣ አብረው ሊጠኑ ይገባል።